ሰማኸኝ ያስቀመጠበት ቦታ

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከሆነ አትንገሪኝ» አለች ደጊቱ፣ ሜሮን ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ስትከፍት።

የለቅሶው ድንኳን ጥግ ተቀምጠዋል። የንፋስ መውጫ ከተማ ጉም እስከ ውስጥ ገብቷል፤ ለቀስተኛው ሲመጣ እግሩ ሳይታይ ነጠላው ብቻ ይንሳፈፋል። ደጊቱ ወንድሟ ሰማኸኝ ከተቀበረ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየችም፤ የሰው ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ነው የሚመጣላት። እንባ ግን እንቢ ብሏታል። «ምን ዓይነት ልብ ነው!» ብለው ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። ይበሏ!

ያሳደጋት ሰማኸኝ ነው። ሳታማክረው ባሕር ዳር አግብታ ስትቀር ተቀየማት፤ ስልኳን ማንሣት ተወ። እሷም እልኸኛ ናት፣ በቢሮ ኢሜይሉ ትጽፍለት ጀመር፤ የልጇን ጥርስ፣ የልጇን ትኩሳት፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉንም። አንድም ቀን አልመለሰላትም። አስቀምጦት ይሆን ወይስ ጥሎት? ይህን ሳታውቅ እንዴት ብላ ታልቅስለት?

«ኢሜይሎቹን ወደ ማኅደሩ፣ ወደ አርካይቭ፣ ስናዛውር ፎልደሮቹ ፈረሱ» አለች ሜሮን፣ የሰማኸኝ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ። «የጣለውም ያስቀመጠውም አንድ ላይ ተከመረ። ግን ዋናው መዝገብ፣ ዳታቤዙ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደተነሣ ያውቃል። ልጠይቀው።»

አንድ መስመር ጻፈች። ቁጥር ብቻ ወጣ፣ ያው አንድ ቁጥር ከላይ እስከ ታች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፎልደሩ ቁጥር ነው። ያንቺዎቹ በሙሉ አንድ ቦታ ነበሩ። ስሙ ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ ቆይ ሁለቱን ላገናኛቸው።»

ደጊቱ ዓይኗን ጨፈነች። ልጅ ናት፣ የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ነው፤ ሰማኸኝ አዝሏት ዳገቱን ይወጣል፣ ዝናብ የነካው ጋቢው ይሸታታል፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ዛፉ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ተኛሽ እንዴ?» ይላታል።

«ተኛሽ እንዴ?» ሜሮን ነበረች። «ቆሻሻ አይደለም ደጊቱ። ‹ለእሑድ› ይላል።»

«ለእሑድ ምን?»

«እኔንጃ! የጻፈው ይኸንኑ ብቻ ነው።»

ፍራሹ ላይ ጋደም ያሉት እናቷ እማማ ካሣነሽ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«እሑድማ ያንቺ ወሬ ቀን ነበር» አሉ። «ከቅዳሴ መልስ አጠገቤ ቁጭ ይልና ያወራኛል። የልጅሽን ጥርስ ሳይቀር! አሳሳቋን ሁሉ እያስመሰለ። አዲስ ነገር ሲያጣ ያለፈውን ይደግምልኛል፤ አውቄ ዝም እለዋለሁ። በስልክ የምታወሩ መስሎኝ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ወየው ጋሼ!» አለች ደጊቱ። «ወየው ወንድሜን!» ደረቷን ያዘች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹም ተቀበሏት፤ ድንኳኑ በለቅሶ ሞላ።

ጸጥ ሲል ሜሮን ጠጋ አለች። «ያልከፈተው አንድ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ሊሞት ሰሞን የላክሽው።»

እማማ ካሣነሽ ሰሙ። «ዛሬ ምንድን ነው ቀኑ?»

«እሑድ ነው፣ እማማ» አለች ሜሮን።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጡ። ፍራሹ ላይ ወደ ዳር ፈቀቅ ብለው፣ ሰማኸኝ እሑድ እሑድ የሚቀመጥበትን ጎናቸውን ለደጊቱ ለቀቁላት።