ቫይረስ ያለበት ውሃ

ደግሞስ ማን አስገደደኝ፣ ከላቦራቶሪ ይዤው የወጣሁት እኔው ነኝ፣ ማታቱው፣ የናይሮቢ ሚኒባስ፣ ወደ ኢስትሊ ሰፈር ሲሄድ በተንገጫገጨ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ጎኔን ይወጋኛል፣ ውሃው ንጹህ ነው፣ ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ፣ የምርመራ ሳህኑ ላይ የኮሌራ ባክቴሪያ አልበቀለም። አንዲትም። ጀርም የሚገድለው የአልትራቫዮሌት መብራት ብቻውን አቅቶት ነበር፣ ውሃው ሲደፈርስ ባክቴሪያዎቹ ከጭቃው ጥላ ሥር ይደበቃሉ፣ ባክቴሪያ የሚበሉት ቫይረሶቼም ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያመልጣቸው አለ፣ አሁን ግን መጀመሪያ መብራት፣ ከዚያ የተረፉትን ባክቴሪያዎች ቫይረሶቹ ውስጣቸው ገብተው ያፈነዷቸዋል፣ እንዴት ያምራል፣ ታዲዮስ፣ ኃላፊዬ፣ ያምራል አላለም፣ ሙሉሸዋ፣ ይሄን ሰው ገና አልጠጣውም አለኝ መነጽሩን እየጠረገ። እሺ አልኩና ወጥቶ ሲሄድ ጠርሙሱን ሞላሁ።

ምን ላድርግ፣ ጓደኛዬ ኩለሱም ደወለች። ልጄን ሰአዳን ከክሊኒክ አወጣኋት አለችኝ፣ ግሉኮስ ሰቅለውላት ተረፈችልኝ፣ አሁን ምን ላጠጣት፣ ቧንቧው ደርቋል፣ በጋሪ የሚመጣው ውሃ ያደረገንን አይተናል፣ ከሰል አልቆብኛል፣ ሥራሽ ውሃ ማከም አይደለም ወይ። ነው። ጠርሙስ ሞልተሽ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመቺው ብያት ነበር፣ ደረደረች፣ ግን ሐምሌ ነው፣ የናይሮቢ ሰማይ እንደተኮሳተረ ይውላል፣ የምን ፀሐይ።

የኩለሱም ምግብ ቤት ተዘግቷል፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ሰአዳ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ሃይ አንቲ ትለኛለች፣ ወደ እናቷ ዞራ ማጂ ትላለች፣ ውሃ፣ ኩለሱም ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ ትቀዳለች፣ ተናገሪ እላለሁ ለራሴ፣ አሁን ተናገሪ፣ ብርጭቆው የልጅቷ ከንፈር ጋ ሊደርስ ነው፣ ቆዪ ኩሉ።

ምነው።

ውስጡ ቫይረስ አለ።

ሌላ ቃል አጣሁ? በሙያ ስሙ ፌጅ ብላት ምንም አይመስላትም ነበር፣ ግን ያው ማታለል ነው። እዚህ ቤት ቫይረስ ማለት አንድ ነው፣ ሀቢብን የጨረሰው፣ ወንድሟን፣ መድኃኒቱ እንደ ልብ ሳይገኝ በፊት እዚሁ ክፍል ውስጥ መንምኖ ያለቀው። ብርጭቆውን ቀስ ብላ መሬት ታስቀምጠዋለች።  

የሱ ዓይነት አይደለም እላታለሁ፣ ሰው አይነካም፣ የኮሌራውን ባክቴሪያ ብቻ ነው የሚበላው፣ ወላሂ ልል ምንም አልቀረኝ።

አንቺ ጠጥተሽዋል?

አልጠጣሁም።

ማን ጠጥቷል?

ማንም።

እና ለልጄ አመጣሽው፣ ትላለች፣ እንደ ስድብ አይደለም፣ ገርሟት ነው፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ፣ ምክንያቱም ማታቱው ውስጥ ለታዲዮስ የምለውን ሳሰናዳ ነበር፣ አንድ ልጅ ጠጥታ ምንም አልሆነችም ልለው፣ ለመርዳት ነው የመጣሁት፣ ለመርዳት፣ ለመርዳት ብቻ?

ከሰል ላምጣ ብዬ እወጣለሁ፣ ከማዶው ሱቅ ይዤ እመለሳለሁ፣ ምድጃውን ታያይዘዋለች፣ ጠርሙሱን በገዛ እጄ ድስቱ ላይ እገለብጠዋለሁ፣ ቫይረሶቼን፣ ስንት ጊዜ የለፋሁባቸው፣ ከወንዝ ቆሻሻ ለቅሜ ያረባኋቸው፣ ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ እያለቁ ነው፣ ይለቁ። ኩለሱም ሲበርድ ስኳርና ጨው ትበጠብጥበታለች። መጀመሪያ እኔ፣ እያየችኝ እጠጣለሁ። ከዚያ ሰአዳ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን፣ ከዚያ ለእናቷ ትመልስላታለች፣ ድገሚኝ።

ኩለሱም ትቀዳላታለች። ለእኔም።