የትንሿ ባቡር ክብደት

መነጽር ጠጋኝ ነው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ። ሳምንቱን ሙሉ ለዓይን የማይሞላ ብሎን ሲያጠብቅ የሚከርም ሰው ቅዳሜ ሲመጣ ያርፋል ትላላችሁ? እሱ እቴ! የእናቱን የምግብ ጠረጴዛ በጋዜጣ ሸፍኖ፣ አባቱ ትቷት የሞተውን የመጫወቻ ባቡር ይፈታታል።

እናቱ ቁም ሳጥኗን ስታራግፍ ነበር ካርቶኑ ብቅ ያለው። «ወይ ውሰዳት ወይ ጣላት፤ አቧራ ስታቅፍ ልትኖር ነው?» አለችው። እሱም አንድ ጊዜ እንኳ ስትሄድ ልይና ከዚያ እንጃላት ብሎ ተቀመጠ።

ባቡሯ ተቆራርጣ በካርቶን የመጣች፣ ሰው በገዛ እጁ የሚገጣጥማት ናት። አባቱ የገጣጠማት ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ልጁ ሞተሯን ጠረገ፣ የመንኮራኩሮቿን ዝገት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፣ ከዚያ የተጨማደደውን መመሪያ ዘረጋ። ክፍሎቹ በተራ ቁጥር ተዘርዝረዋል። ቁጥር አሥራ ሰባት «ክብደት፤ ቦይለሩ ውስጥ የሚቀመጥ» ይላል፤ ቦይለር የሚለው ክቡን የባቡሯን ሆድ ነው። አጠገቡ በአባቱ እጅ ጽሑፍ «የለም» የሚል አለ።

እሱስ መች ረሳው! ያ አንድ ብረት ከካርቶኑ ጎድሎ በመገኘቱ ባቡሯ ቀልላ ቀርታ ነበር። ሁለት ፉርጎ ሲቀጥሉባት መንኮራኩሮቿ እዚያው ይሾራሉ እንጂ እሷ ፈቀቅ አትልም። አባቱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ «ሆዷ ባዶ ሆኖ ምን ትጎትት!» እያለ ይስቃል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ምን እንዳገኛት እንጃ፣ አምስት ፉርጎ አስከትላ በወንበሩ እግር ሥር ሽው አለች። አባቱ አዲሱ ዘይት ነው ብሎ ለጎረቤት ሁሉ ጉራውን ነዛ፤ ክብ የፊት ክዳኗንም በሙጫ አሽጎ ሥራዬን ጨረስኩ አለ።

አሁን ቦይለሯን ነጥሎ በመዳፉ ሲይዛት ከበደችው። መመሪያውን አየ፤ «የለም» ይላል። እጁን አመነ፤ የእጁ ሚዛን አሳስቶት አያውቅም። ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክሮ ሙጫው ላይ አኖረ። ሻይ እስኪጠጣ ሙጫው ላላ፤ ክዳኗን በወረንጦ ፈልቅቆ አነሣ።

መጀመሪያ የወጣው ወረቀት ነው፤ የደብተር ቅጠል፣ እንዳይንኳኳ ተብሎ የተጠቀጠቀ። ሲዘረጋው በመስመር በመስመር ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሁሉም ፊቱን ያዞረ፣ ሁሉም በአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ። በዚያ ቤት ሦስትን አዙሮ የሚጽፍ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። አሥር ዓመት እስኪሞላው ድረስ በዚሁ የተነሣ «ገልብጤ» ሲሉት ኖረዋል።

ከወረቀቱ ኋላ አንድ ቢጫ ነገር እየተጎተተ ወጣና ጋዜጣው ላይ ተቆለለ። የእናቱ የሠርግ ሐብል።

ክው አለ። ወረንጦው ከእጁ አመለጠ። አፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» አለ።

ይህ ሐብል የተሰረቀ ሐብል ነው። ተሰረቀ ተብሎ አገር ያወቀው! እናቱ ለዘመድ ሠርግ ልታደርገው መሳቢያዋን ብትከፍት አጣችው፤ ቤቱ ተገለባበጠ። ከቤተሰቡ ሌላ ቤቱ ውስጥ የነበረች ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ የአባቱ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት። አልወሰድኩም ብላ ማለች። ማን ሰምቷት! በሦስተኛው ቀን የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና ወጣች። የሰፈሩ ልጆች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያሉ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኟት። እሱም አብሯቸው ብሏል፤ እንዲያውም ድምፁ ከሁሉም ይጎላ ነበር።

እሱስ የልጅነት ነው ይባል። አባቱ የሞተ ጊዜስ? እትዬ ወንድሟን ልትቀብር ስትመጣ በር ላይ የቆመው እሱ ነበር፤ ያውም የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ። አንቱታውን እንኳ ነፍጓት፣ «ምን ቀረኝ ብለሽ መጣሽ? ያንቺ ድርሻ ቀድሞ ወጥቷል!» አላት። ሴትዮዋ ዞራ ሄደች።

አሁን፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ መጣበት። አባቱ እየሳቀ ነው፦ «ከብረት ሁሉ የሚከብደው ወርቅ ነው፤ ግን ለመጫወቻ ወርቅ የሚከት ሞኝ ከየት ይገኛል?» ያ ሞኝ አጠገቡ ቁጢጥ ብሏል፤ የስድስት ዓመት ልጅ። መሳቢያው፣ ቀዝቃዛው ሐብል፣ ጠባቧ ቀዳዳ። አባቴን ላስደንቅ ብሎ ነው እንጂ ሰረቅኩ ብሎ አይደለም። ወርቁ ጠፋ የተባለው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው ሌባ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሌባ አይደለም። ሰው ሁሉ እትዬ ናት ሲል እሱም እትዬ ናት አለ፤ ሲውል ሲያድር ከልቡ አመነው።

«ምነው ፊትህ እንዲህ አመድ መሰለ?» እናቱ ናት፤ ዱላዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ከዚያ ጋዜጣው ላይ ያለውን አየች።

ነገራት። ወረቀቱን አሳያት። እልል ትላለች ወይ ትጮሃለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ወንበር ስባ ዝርፍጥ አለችበት።

«መልሰህ ክተተው» አለች።

«እማዬ!»

«ክተተው ብያለሁ! አርባ ስድስት ዓመት ስረግማት ኖሬ፣ ዛሬ በየት አፌ ምን ልላት ነው? ሙጫህን አምጣና ድፈነው!»

«የከተትኩት እኮ እኔ ነኝ፣ እማዬ። አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ያባረርኩትስ ማን ሆነና?» አለችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን አፈነች።

እሱም ተነሣ። ሐብሉን በመሐረብ ቋጥሮ፣ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ፣ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ማሰሪያው አልገባ አላቸው፤ የፀጉር ያህል ብሎን ለሚያነሡት ጣቶች! ቀና ሲል እናቱ ጃኬቷን ደርባ በሩን ይዛለች። «ምን ትገተራለህ? ሂድ ታክሲ ጥራ» አለችው።

እትዬ የምትኖረው ከፎቅ ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋ ዛሬም መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። በሩን ከፍታ እሱን አየች፣ ቀጥላ ከኋላው ያለችውን አየች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ማን ሞተ?» አለች። እነዚህ ሰዎች ለሌላ ነገር ይመጣሉ ብላ አላሰበችም።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። እኔ ነኝ... እኔ ነበርኩ» አለና ወረቀቱን ሰጣት፤ ባቡሯ ውስጥ ምን እንዳገኘ ነገራት። እንባው አላስጨርስ አለው። እናቱ ከኋላው ሆና፣ «እትዬ» ብላ ጀመረች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

እትዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ማሙሽ» አለች፤ ማሙሽ ያለችው ሰው ፀጉሩ ሸብቷል። «እስቲ አሳየኝ።»

መሐረቡን ፈታ። እጇን ዘረጋች፤ ሐብሉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ጣቶቿን ሳትጨብጥ ከፍ ዝቅ አደረገችው፣ ልክ የሱቅ ዕቃ እንደምትመዝን።

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ ነክቼው አላውቅም» አለች። «ድርሻሽ ወጥቷል ያልከኝ ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አንድ ጊዜ ደግማ መዘነችው።

«እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» አለች።