የንቦቹ መርዶ

ኤክሃርት ብራንት ጠዋት ሻዩን እንደያዘ አረፈ። ጀርመናዊ ነው፤ ለሚስቱ ሲል ወደ አገሯ አየርላንድ፣ ኮኔማራ መጥቶ፣ በዚያ ድንጋያም መሬት ንብ ሲያረባ ዕድሜውን ጨረሰ። አሁን ሬሳው ሳሎን ተጋድሟል፣ እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ የግድግዳው ሰዓት እንዲቆም ተደርጓል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ጎረቤቱም ሳንድዊችና ውስኪ ይዞ ይጎርፋል።

ልጁ ኦርላ ደራሲ ናት፤ ያውም ስመ ጥር። ልብ ወለዶቿ ሁሉ ስለ እናቷ ወገኖች፣ ስለ አየርላንዶቹ ናቸው። አባቷ በአንዱም ውስጥ ዝር አላለም። ልጅ ሳለች "የጀርመን ዲቃላ" እየተባለች ስላደገች፣ እሱን ከመጻሕፍቷ ማስቀረቱን እንደ ብልጠት ይዛው ነበር። ብልጠቱ ግን አላዛለቃትም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ገጽ እንኳ መጻፍ አቅቷት፣ በቃ አለቀልኝ ብላ ፈርታለች።

ጎረቤቷ ሶርካ ጠጋ አሉ። አሮጊት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ገና ስለት ነው።

"ለንቦቹ መርዶ ነገርሽ?"

"ለማን አሉኝ?"

"ለንቦቹ ነዋ! ጌታቸው ሞቶ ካልተነገራቸው ጥለው ይሄዳሉ። በቤቱ ቁልፍ ቀፎውን አንኳኪና ንገሪያቸው። ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ጽፈሽ ይሄ ጠፋሽ?"

ኦርላ ክው አለች። መች ጠፋት! እናቷ የሞተች ዕለት አባቷ ቁልፍ ይዞ ከቀፎ ቀፎ እየዞረ ሲያንኳኳ፣ በጀርመንኛ ሲያንሾካሹክ በመስኮት አይታዋለች። ለቀስተኛው እንዳያየው መጋረጃውን ስባ ዘጋች። በመጀመሪያው ልብ ወለዷም ጽፋው ነበር፤ የባዕድ ነገር ነው፣ ይስቁብኛል ብላ ሰረዘችው።

"የጀርመን ልማድ መስሎኝ ነበርኮ" አለች በቀስታ።

"የምን ጀርመን? ሂጂ ወዲያ! አያቴም ታደርገው ነበር። የእናትሽን መርዶ ለንቦቹ ሲናገር እኛ ከአጥር ወዲያ ቆመን አይተነዋል። የኛ ሰው የሆነው የዚያን ቀን ነው።"

ኦርላ ቁልፉን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ቀፎ አንኳኳችና በእንግሊዝኛ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ያኔ ከልጅነቷ ወዲህ ከአፏ ያላወጣችው ቋንቋ መጣ።

"ኤክሃርት ሞቷል" አለች በጀርመንኛ። "ከእንግዲህ ያለሁላችሁ እኔ ነኝ። አትሂዱብኝ።"

ቀፎው ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከውስጥ አንድ ጥልቅ ድምፅ ተነሳ፤ ቀፎው ላይ ያሳረፈችውን መዳፏን አልፎ ክንዷ ድረስ ተሰማት። እጇን ማንሳት አቃታት። ባሕር የለያያቸው ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ይህንኑ መርዶ ሲያረዱ ኖረዋል። እሷ ደግሞ በሁለቱ መሀል ግንብ ስትገነባ ዕድሜዋን ፈጅታለች። ፈራች፤ ደስም አላት፤ አለቀሰች።

ከቀብሩ ማግስት ንቦቹ አበባ ላይ ነበሩ። ኦርላ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ጻፈች፦ "እናቴ የሞተች ዕለት አባቴ የቤቱን ቁልፍ ይዞ ወጣ።"

አልሰረዘችውም።