ሸዋገነት የተዋሰቻት ልጅ

ሸዋገነት ስኳር ይዛ ስትመጣ ሸምሶ ወዲያው ጠረጠረች። ጎረቤቷ ጨው እንኳ ቆንጥራ የምትሰጥ ሴት ናት፤ ዛሬ ሙሉ ከረጢት ስኳር ከየት መጣ? «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይባላል፤ ሸምሶ ደግሞ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች የኖረች ነጋዴ ናት።

«ሰምሰምን ለአንድ ጠዋት አውሺኝ» አለች ሸዋገነት።

«ልጅ እንደ ወንፊት ይዋሳሉ እንዴ፣ አቦ!»

«እስከ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ቶሎ እመልሳታለሁ። የኔም ልጅ አይደለች?»

ይኸስ እውነት ነው። ሸምሶ አራስ ሳለች ተስቦ ሲጥላት፣ ሰምሰምን ከራሷ ልጅ ከወርቅዬ እኩል ያጠባቻት ሸዋገነት ናት። በሸምሶ ሃይማኖት የጡት እናት እናት ናት። ይህን ሁሉ ዓመት ስሙ ያልተነሳ ወተት ዛሬ መነሳቱ ግን አናደዳት። ቢሆንም ላጠባ ሰው እምቢ አይባልም። ልጅቷን ሰጠቻትና ሻሿን ሸብ አድርጋ ከኋላ ተከተለቻቸው።

የሸዋገነት ባል ወልደማርያም የባቡር መካኒክ ነው፤ ከነቤተሰቡ ወደ ጅቡቲ እንዲዛወር ታዟል። እዚያ ፈረንጆቹ የሠራተኛ ልጅ በነፃ ያስተምራሉ፣ በነፃ ያክማሉ ይባላል። ሸምሶ ይህን ወሬ አልወደደችውም። በነፃ የሚሰጥ ማን አለ?

የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የባቡር ኩባንያው ሐኪም ቤት ገቡ። የፈረንጁ ሐኪም አስተርጓሚ ገብረ መድኅን «ወርቅዬ ወልደማርያም!» ብሎ ሲጣራ ሰምሰም ተነስታ ገባች። ሸምሶ ደሟ ፈላ። ዘልላ የሸዋገነትን ነጠላ ያዘች።

«ልጄን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? ወላሂ እጮሃለሁ!»

«ቀስ በይ! ወርቅዬን ሳል ይዟታል። በሽተኛ ልጅ ካዩ አያሳልፉንም፤ ትምህርቱም ይቀርባታል። የአንቺ ልጅ ጤነኛ ናት ብዬ ነው።»

ሸምሶ አላመነቻትም። ከእሷ ጋር ሰምሰምን ተከትላ ገባች። ሐኪሙ የሰምሰምን ደረት አዳመጠ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ እንደገና ወደ ደረቷ ተመለሰ። ከዚያ ለገብረ መድኅን ብዙ ነገረው።

«ልጅቷ ሳንባዋ ታሟል» አለ ገብረ መድኅን። «የሠራተኛ ልጅ ስለሆነች መርፌውን እዚሁ በነፃ ትወጋለች። ወራት ይፈጃል። እስክትድን ቤተሰቡ አይሄድም፤ የጅቡቲው ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

 በዚህ ጊዜም ሸምሶን ጥርጣሬዋ አልለቀቃትም። ሸዋገነት አሁን «ልጄ አይደለችም» ካለች ጅቡቲ ትሄዳለች፣ ሰምሰም መርፌ ሳታይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማለቷም አይቀርም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እል ነበር፣ አለች ሸምሶ በልቧ።

ሰምሰም ሮጣ እናቷን በቋንቋቸው «ሆዮ!» ብላ ጠርታ ሸምሶ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። ገብረ መድኅን ሁለቱን ሴቶች አፈራርቆ አየ።

«ልጅቷ የማን ናት?»

ሸዋገነት የሰምሰምን ራስ ዳበሰች።

«የኔ ናት» አለች። «ጡቴን ጠብታ ነው ያደገችው። እሷ ጎረቤቴ ናት፤ ልጆቻችን ሁለታችንንም እናት ነው የሚሉን።»

ሸምሶ አፈረች፤ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ቤት ሲደርሱ ሸዋገነት ለጅቡቲ የታሰረውን ሣጥን መፍታት ጀመረች። ሸምሶም አጠገቧ ቁጭ ብላ ገመዱን አብራት ፈታች።