ከሥር የገባችው ግራ እጅ

ደግሞ ይቺ ጊዜያችሁን በከንቱ የምትበላ ወሬ አይደለችም፣ አረፍ በሉና ስሟት፣ መሰረት ደብረ ታቦር ካለች አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ላፕቶፗ ፊት ቆማለች፣ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ የሚያስጨንቃት ግን በረኪናው አይደለም፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ያ አረንጓዴ መስመር ነው፣ ኧረ መሲ እኔ ጣቴን ገና አልዘረጋሁም፣ አለች አሁን ታካሚዋ ፍቅርተ፣ መስመሩ ዘርግታለች ይላል። ሰማንያ አራት ከመቶ።

አልዘረጋችም።

እና ማን ነው የዘረጋው፣ እጅ የሚለካው ሴንሰር እንደሆነ አይዋሽም፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙ አይበልጥም፣ ጠረጴዛው ላይ ተንጋሎ በሁለት ዓይኑ ወደ ላይ ያያል፣ እጅ ሲመጣበት የያንዳንዱ ጣት አጥንት የት እንዳለ በቁጥር ይተፋል፣ በሴኮንድ መቶ ጊዜ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ማትላብ፣ ደግሞ ቁጥር ይስጡት እንጂ አስልቶ መስመር አድርጎ ያወጣዋል፣ ግን የሴንሰሩን ቋንቋ አይሰማም፣ መሐላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ ያንን አስተርጓሚ ፕሮግራም መሰረት ማንም ሳያስተምራት፣ በዩቲዩብና በተሰነጠቀ ላፕቶፕ፣ አራት ወር ታግላ ጻፈችው፣ የሠራ ቀን እጇን ስትከፍት መስመሩ ወጣ፣ ስትጨብጥ ወረደ፣ ጎረቤት እስኪደነግጥ ጮኸች። ጉረኛ።

ጎንበስ ትላለች። ታያለች።

ፍቅርተ ቀኟን ከሴንሰሩ በላይ ዘርግታለች፣ ከሥሩ ግራዋን አስገብታ አንጓውን ደግፋዋለች፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ፣ እዚሁ አጠገብ ገሳይ ያደገ ሰው ሐኪም ፊት አንድ እጁን ብቻ አይዘረጋም፣ ነውር ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የሚያየው ከታች፣ ያየው ግራዋን፣ ጤነኛዋን፣ ዝርግት ያለችውን፣ ቀኟ ከላይ ተሸሽጋ፣ አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ የፈላ ዘይት የተደፋባት፣ መዳፏ ተኮማትሮ ጣቶቿን ወደ ውስጥ የጎተታቸው ቀኟ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልተለካችም።

ኤጭ!

ሴንሰሩ እኮ ነግሯት ነበር፣ ከእያንዳንዱ እጅ ጋር ግራ ወይም ቀኝ የሚል አንድ ዓምድ ይልካል፣ እሷ ሰረዘችው፣ የሚለካው ያው ቀኙ ነው፣ ሠንጠረዡን ያቆሽሽብኛል ብላ። ያቆሽሽብኛል! አሁን ማን ነው የቆሸሸው?

ስንት አለ የኛ ኢንጂነር፣ ይላል ዶክተር ሀብታሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ሐሙስ ከባህር ዳር ለሚመጡት የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የታካሚ ስም እየጻፈ ነው፣ አምስት ሰው ብቻ፣ ከሰባ በላይ የዘረጋ አይገባም፣ ስክሪኑን በጨረፍታ አይቶ፣ ሰማንያ አራት? ውጤቱ እጅግ አመርቂ ነው፣ ፍቅርተ እንኳን ደስ አለሽ፣ ቢላ አያስፈልግሽም፣ ቦታሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ፣ ፍቅርተም አንገቷን ደፍታ፣ እኔስ ጣቴ እምቢ ብሎኛል ዶክተር፣ ግን ማሽኑ ካለ እናንተ ታውቃላችሁ።

እናንተ ታውቃላችሁ።

ትፍ፣ መሰረት ምን አውቃ፣ እጁን መቼ አይታው፣ ለምን እንዳላየችው ግን ታውቃለች፣ የመጀመሪያው ቀን ፍቅርተ ፋሻውን ስትፈታ ያ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጠባሳ ታየ፣ የመሰረት ዓይን ሸሽቶ ስክሪኑ ውስጥ ገባ፣ በዚያው ቀረ፣ ማሽኑን የወደደችው ሳይነኩ ስለሚለካ ነው፣ ለሳይንስ አይደለም፣ ለበሽተኛም አይደለም፣ የተጸየፈችው የሰው ልጅ እጅ ነበር፣ አሁን የምትጸየፈው የራሷን ዓይን ነው።

ዝም ብትልስ፣ ነገ ጠዋት ዓምዱን ትመልሰዋለች፣ ማን ያውቃል፣ ማሽኗን የምታሳይበት ኤግዚቢሽንም አይቀርባት፣ ኢንጂነር መባሉም፣ ሐሙስ ግን ያልፋል፣ እነዚያ ጣቶችም እንደ ታጠፉ ይቀራሉ፣ የሀብታሙ እስክሪቢቶ የፍቅርተ ስም ላይ ደርሷል፣ ሊሰርዘው ነው።

ዶክተር አይሰርዙ!

ምን ሆንሽ?

የለካሁት ግራዋን ነው።

ምን?

ግራ እጇን፣ አምስቱንም ሳምንት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማሽኑ አይደለም፣ የሷም አይደለም፣ ኧረ በማርያም፣ ይላል ሀብታሙ፣ ቆይ ያ ሁሉ የላክሽልኝ ወረቀት? ያ ሁሉ። ፊቱ ሲጠቁር ታያለች፣ ይጥቆር፣ ፍቅርተ ደንግጣ ሁለቱንም እጇን ነጠላዋ ውስጥ ልትከት ስትል መሰረት ቀኟን ትይዛታለች፣ እንዲህ በባዶ እጇ፣ ይሞቃል፣ ሻካራ ነው፣ ከሻካራው ሥር የደም ሥር ይመታል፣ ዓይኗም አልሸሸም፣ ፍቅርተ ሽምቅቅ ስትልባት፣ አመመሽ? ኧረ የለም መሲ፣ ሰው ይዞት ስለማያውቅ ነው፣ ትላለች ፍቅርተ፣ ትስቃለችም፣ በይ ግራሽን ጉልበትሽ ላይ አድርጊልኝ፣ ትላለች መሰረት፣ ማሽን ነው፣ አይቀየምም። ቀኟን ብቻዋን ከሴንሰሩ በላይ ትተዋታለች። ዘርጊ። መስመሩ ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። አስቀያሚ መስመር። እውነተኛ።

ሀብታሙ የፍቅርተን ስም እንዳለ ትቶት ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እናንተም ሂዱና ሞክሩት፣ ሴንሰሩን ግጠሙት፣ አስተርጓሚውን ጻፉት፣ ያስፈራል እንጂ ከባድ አይደለም፣ ብቻ ገመዱን ከመሰካታችሁ በፊት የምትለኩትን ሰው እጅ ያዙት።