ለእንሽላሊቶቹ የሠራሁት ቤት

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ባይከፈትም ዓይንሽ ይሠራል፤ እንስሳ ማርባት ይሆንልሻል» ያሉኝ የሳይንስ መምህሬ ናቸው፤ ሰባተኛ ክፍልን ያቋረጥኩ ቀን፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ። አማቴ ቡፌ ውስጥ መኖር የጀመሩት ከዚያ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ ነው።

ነገሩ የመጣው በእንሽላሊቶቹ ነው። ባለቤቴ ምንውየለት አትክልተኛ ሆኖ የሚሠራላቸው ፈረንጅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁለት ባለጉትያ እንሽላሊቶች በጫማ ካርቶን ሰጡት። ከዓይናቸው በላይ እንደ ሽፋሽፍት የቆመ እሾህ መሳይ ነገር አላቸው፤ የዓይን ቆብ ግን የላቸውም። ዓይናቸው ሲቆሽሽ በምላሳቸው ይጠርጉታል። አብሮ የመጣው ወረቀት ቤታቸው ከሰፊ ይልቅ ረጅም ይሁን፣ ሙቀት አይብዛበት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭበት ይላል።

የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። ያለን ረጅም ዕቃ በሩ መስታወት የሆነው የሠርጋችን ቡፌ ብቻ ነበር። ብርጭቆዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ፤ መደርደሪያዎቹን አወጣሁ። አየር እንዲገባ የጀርባውን ኮምፔንሳቶ ነቅዬ ወንፊት ሽቦ መታሁበት። ከታች የተነፋ አፈር፣ ከላዩ እርጥብ ቅጠል። የዘይቱን ዛፍ ቅርንጫፍ አቁሜ ሐረግ ጠመጠምኩበት። የተፈጨ ሙዝ በጠርሙስ ክዳን አድርጌ ከፍ አድርጌ አሰርኩ፤ መሬት ወርደው መብላት አይወዱም። መርጫውን ከፀጉር ቤት ለመንኩ።

ስጨርስ አማቴ እትዬ አሰገደች መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ውይ! እንዲህ ያለ ቤት ለእኔ ልጅ መች ሠራሽለት?» አሉኝ። ከዚያ በልማድ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

«እንቦሳ እሰሩ!» አሉ እንሽላሊቶቹ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ትሕትና ግን አለው።

አዲስ ቤት ሄዶ እንዲህ የተባለ ሰው ከደጅ አይመለስም። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በገቡ መጠን አነሱ።

አመሻሽ ላይ ምንውየለት ከሥራ መጣ።

«እማዬስ?»

«ቡፌ ውስጥ።»

«እራት በላች?»

«ሙዝ።»

ጠጋ ብሎ አያቸው። ቅርንጫፉ ላይ ተዘርግተዋል።

«የጉልበቴ ቁርጥማት እኮ ተወኝ! እርጥበቱ መድኃኒት ነው» አሉት።

ምንውየለት ሥርዓት ያውቃል። እናቱ ያሉበትን አዲስ ቤት ዝም ብሎ አያልፍም። «ቤት ለእንቦሳ» አለ። አሁን የመለሱት ሦስት ነበሩ፤ እሱም ጫማውን አውልቆ ገባ።

እናትና ልጅ ሁለቱም ደኅና ናቸው። በአራተኛው ቀን ግን ባለቤቴ ሲያወራኝ ዓይኑን አንዴም እንዳልጨፈነ ልብ አልኩ። የዓይን ቆቡ የለም። ከቅጠል ላይ ጠብታ ዓይኑ ውስጥ ሲወድቅ በምላሱ ጠረገው። ወሬውን አላቋረጠም።

የፈራሁት ለሶልያና ነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሰማችውን ሁሉ የምትደግምበት ዕድሜ። ቀን ስትተኛ ሽፋሽፍቷ ቀስ ብሎ ሲወርድ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከቀኑ ውስጥ የእኔ የምለው ሰዓት እሱ ነው። ቡፌውን በአንሶላ ሸፈንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ልረጭ አንሶላውን ገልጬ በሩን ስከፍት ከኋላዬ መጥታ ቆማለች።

«ሶሊዬ! ነይ የኔ ማር፣ ሙዝ አለ» አሉ አማቴ።

«አይሆንም እትዬ» አልኩ።

«ልቀቂያት እንጂ» አለ ምንውየለት። «እዚያ ምን አላት? ጣሪያው ያፈሳል።»

«ያፍስስ።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄን ቤት የሠራሽው ራስሽ አይደለሽ?»

ሶልያና ሁለት እጇን ዘረጋች። «ቤት ለእንቦሳ!» አለች፤ አንዲት ፊደል ሳትስት።

አራቱም አፋቸውን ከፈቱ። ቀደምኳቸው።

«እንቦሳ እሰሩ!» አልኩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። እንዲያ ጮኼ አላውቅም።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ጫማዋን አውልቃ፣ ከቆመችበት ክፍል ወደዚያው ክፍል ገባች። አልጋውን፣ ባልዲውን፣ የጣሪያውን ቀዳዳ እንደ እንግዳ ዞራ አየች። «ደስ ይላል» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ሁለቴ አርገበገበች።

መርጫውን አንስቼ የጠዋቱን ውሃ ረጨሁላቸው። አራቱም መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ጠብታውን ላሱ። የባለቤቴ ጅራት ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ነበር፤ እንዳይቆነጠጥ በጣቴ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ በሩን ዘጋሁ።