የዕዳ ጭራ

ልብስ ሰፊው ሰኞ ጠዋት ጨርቅ ሻጯ ሱቅ መጥቶ ዕዳውን ከነጭራው ከፈለ። ሰው በዚህ ይደሰታል እንጂ ይደነግጣል ወይ ትሉ ይሆናል። የጨርቅ ገበያን አታውቁትማ።

በጨርቅ ገበያ ዕዳ ተሟጥጦ አይከፈልም። ሰፊው ጨርቅ በዱቤ ይወስዳል፣ ሰፍቶ ይሸጣል፣ መጥቶ ይከፍላል፤ ሲከፍል ግን ትንሽ ያስቀራል። ሁለት መቶም ትሁን ሦስት መቶ፣ ያቺ ቀሪ «ጭራ» ትባላለች። ጭራ ያስቀረ ሰው እመለሳለሁ ማለቱ ነው። ሻጩም አይጠይቃትም፤ ከጠየቀ ከእንግዲህ ደጄን አትርገጥ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ጭራውን የከፈለ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሞቱ ሸቶታል፣ ወይ አገር ሊለቅ ነው።

ጨርቅ ሻጯን ገበያው «መቀስ» ይላታል፣ ምላሷ ስል ስለሆነ። መቀስ ገንዘቡን ቆጠረችው፣ ደግማም ቆጠረችው። ሙሉ ነው። ጎሎ ቢሆን ደስ ባላት ነበር።

«ምነው፣ ጭራዋን ማስቀረት ረሳህ እንዴ?» አለችው እየሳቀች። ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር።

«አልረሳሁም እትዬ። ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋልኝ ብዬ ነው። ከዕዳ ነፃ ነው የሚል ወረቀት ብትጽፊልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።»

ወረቀት ደግሞ። በአሥራ አንድ ዓመት ደንበኝነቱ አንድም ቀን ወረቀት ጠይቋት አያውቅም። ጻፈችለት፤ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና አመስግኖ ወጣ።

መቀስን ያስፈራት የጨርቁ ገንዘብ አይደለም፤ እሱማ መሳቢያዋ ገብቷል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰፊው አምስት የስፌት መኪና ለመግዛት ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ሲበደር ዋስ የሆነችው እሷ ናት። የሱቋ ካርታ ዛሬም እዚያው ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ሰፊው ወርሃዊ ክፍያውን ካቆመ ሱቋ ይሸጣል። ባሏ ያን ጊዜ «አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው» ብሏት ነበር። እሷ ግን ሰፊውን እንደ ታናሽ ወንድሟ ስለምታየው ፈረመች። መቀስ በዕድሜዋ ሳትለካ የቆረጠችው ያን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ፣ አዲስ ናሙና ላሳየው መጣሁ ለማለት አንድ ቁራጭ ጨርቅ በብብቷ ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች።

ስፌት ቤቱ ከደረጃ ሥር ያለ ረጅም ክፍል ነው። መኪኖቹ ሁልጊዜ በግድግዳው ጥግ ይደረደሩ ነበር፤ ዛሬ ወደ መሃል ተስበዋል። አንድ የማታውቀው ሰውዬ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት የመኪኖቹን ሆድ እያየ ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ያሰፍራል።

«እንግዳ አለብህ መሰለኝ።»

«መኪኖቹን ሊያይ መጥቶ ነው» አለ ሰፊው፣ ካኪ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እያሰመረ።

«ሥራስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዣለሁ። ቀብድም ሰጥተውኛል።»

«ቀብዱን ታዲያ ምን አደረግኸው?»

«ዕዳ ከፈልኩበት» አለ አንገቱን እንደደፋ። «ዓርብ ሱቅ እመጣለሁ እትዬ። ያኔ የማጫውትሽ ነገር አለ።»

«አሁን ብትነግረኝስ?»

«ሳያልቅ ማውራት አልወድም።»

መኪኖቹን ልትሸጥ ነው ወይ ብላ ብትጠይቀው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አልጠየቀችውም። የተጠየቀ ሰው ይዋሻል፣ ያልተጠየቀ ራሱን ያጋልጣል ባይ ናት። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ነገሩን ገጣጠመችው፦ ጭራ ከፍሏል፣ ወረቀት ተቀብሏል፣ ቀብድ በልቷል፣ መኪና እያስገመተ ነው። ዓርብ ሲደርስ እሱ የት፣ እኛ የት።

ከሱቋ ፊት ለፊት ያለው አዝራር ሻጭ ፊቷን ሲያይ ምን ሆነሻል አላት። ምንም አለችው፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«ብቻ አደራ፣ በእኔና በአንተ ይቅር።»

«ሆዴ ውስጥ ነው እህቴ» አላት። የአዝራር ሻጩ ሆድ ግን በር የለውም፤ እሷም ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች።

ረቡዕ ጠዋት አዝራር ሻጩ ሰፊው ዘንድ ለቀረችው ትንሽ ጭራ ብሎ ከስፌት ቤቱ አንዱን መኪና እየጎተተ ወሰደ። ክር አቅራቢው ይህን ሰምቶ ሁለተኛውን ወሰደ። የስፌት ቤቱ አከራይ የመጪው ስድስት ወር ኪራይ ባንዴ ካልተከፈለኝ አለና ሁለቱን ይዞ በሩን ቆለፈ። ትምህርት ቤቱም ሥራውን ለሌላ ሰጥቶ ቀብዴን አለ። ሰፊው እጁ ላይ ሰባራ ሳንቲም አልነበረውም። ደጅ የቀረለትን አምስተኛውን መኪና በርካሽ ሸጦ የቀብዱን ግማሽ መለሰ። ሐሙስ ማታ ስፌት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም።

መቀስ ይህን ሁሉ ስትሰማ «ይኸው፣ አላልኩም?» አለች ለባሏ። ይህን ያህል ሰው የጠረጠረው እውነት ቢሆን ነው እንጂ ብላም ልቧን አጸናች። ያ ሁሉ ጥርጣሬ ከእሷው አፍ መውጣቱ ትዝ አላላትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሰፊው መጣ። ይመጣል ብላ ስላልጠበቀች ክው አለች። ልብሱ ተተኩሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

«የማጫውትሽ ይህንን ነበር።»

የአበዳሪው ድርጅት ደብዳቤ ነው። ተበዳሪው ከዕዳው ከግማሽ በላይ ስለከፈለ፣ ከማንም ነጋዴ ዕዳ እንደሌለበት ወረቀት ካቀረበና የመኪኖቹ ግምት በቂ ከሆነ፣ መኪኖቹ በዋሷ ምትክ ይያዛሉ፤ የሱቋም ካርታ ይመለሳል ይላል።

«ያ ያየሽው ሰውዬ የእነሱ ገማች ነው» አለ ሰፊው። «የቀረኝ የአዝራሩና የክሩ ጭራ ነበር፤ ሐሙስ የሌላ ሥራ ገንዘብ ስቀበል ልዘጋው ነበር። ዛሬ ካርታሽን ይዤልሽ ልመጣ ነበር። አሁን መኪና የለም፣ ስለዚህ ዋስነትሽ እንዳለ ነው።»

መቀስ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችው። እፍረት ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ወረራት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን በእግሯ ሄዳ ነው የጠራችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለአዝራር ሻጩ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። መኪናዬን ሲጎትት ነገረኝ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ጨርቅ ልወስድ» አለ። «ቤት አንድ አሮጌ የእጅ መኪና አለችኝ። ጨርቅ በዱቤ ከሰጠሽኝ እሰፋለሁ፣ ከሰፋሁ የወሩን እከፍላለሁ። ካልሰጠሽኝ አልከፍልም፣ ሱቅሽ ይሄዳል።»

«እያስፈራራኸኝ ነው?»

«አይደለም እትዬ። ያለውን ነው የነገርኩሽ።»

እትዬ ይበላት እንጂ ድምፁ ውስጥ ያ ታናሽ ወንድም የለም። ጨርቁን ሸጦ ቢጠፋስ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ይህን ማሰቧን ደግሞ እሱ ፊቷ ላይ እያነበበ ነው። ቢሆንም ምርጫ የላትም። ተነሥታ የካኪውን ጣቃ ከመደርደሪያ አውርዳ ዘረጋችና ሠላሳ ሜትር ለክታ ቆረጠች። ሰፊው ግን እጁን አልዘረጋም።

«በምስክር ፊት ይሁን» አላት።

«በእኔና በአንተ መካከል ምስክር?»

«አዎ።»

በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች። ገበያው በሰው ተሞልቷል፣ ሁሉንም ታውቃቸዋለች።

«ማንን ልጥራልህ?» አለችው።

«ደስ ያለሽን ጥሪ» አለ ሰፊው። «እኔ የማምነው ሰው የለኝም።»